ስም የሚጠቁም ሳጥን እንዴት ይሠራ? በዴስክቶፕ ፕሮግራም የጽሑፍ ማሟያ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ የመድኃኒት ቤት ባለሙያና የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ቀኑን ሙሉ ስም ሲጽፉ ይውላሉ። ሁለት ሦስት ፊደል ሲጻፍለት ቀሪውን የሚጠቁም ሳጥን፣ በተለምዶ ኦቶኮምፕሊት የሚባለው፣ በወጉ ከተሠራ ድካማቸውን ያቀልላል። በወጉ ካልተሠራ ደግሞ የአንዱን ስም በሌላው እየተካ፣ ማንም ሳያስተውል መዝገብ ያበላሻል። ከዚህ በታች ያሉት፣ በአማርኛ የሚጻፍባቸውን የዴስክቶፕ ፕሮግራሞች የሚሠሩ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ጥቆማ የሚያስፈልገው የትኛው ሳጥን ላይ ነው?

አንድ ነገር ተደጋግሞ በሚጻፍበትና ትክክለኛው መልስ አስቀድሞ በመዝገብ ውስጥ በሚገኝበት ሳጥን ላይ ነው። የታካሚ ስም፣ የመድኃኒት ስም፣ የወረዳ ስም፣ የዕቃ አቅራቢ ስም ለዚህ የተመቹ ናቸው። ምርጫው አምስት ወይም ስድስት ብቻ ከሆነ ሁሉንም ዘርዝሮ ማሳየት ይሻላል፤ ጾታ ለመሙላት ሰው ፊደል እንዲለቅም ማድረግ ማድከም ነው። የገንዘብ መጠን፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ ቀንና የይለፍ ቃል ባለበት ጥቆማ አይግባ። ትናንት የተጻፈው 1,500 ብር ዛሬ 1,550 ሊጽፍ «15» ላለ ሰው ምንም አይጠቅመውም፤ ሊያሳስተው ግን ይችላል። ኤክሴል በዚህ ረገድ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በዓምዱ ውስጥ ቀደም ሲል የተጻፈ ጽሑፍን ያሟላል እንጂ ቁጥር ብቻ የሆነን፣ ቀንን ወይም ሰዓትን አያሟላም።

ቀሪውን እዚያው መስመሩ ላይ ይሙላ ወይስ ከሥር ዝርዝር ያውጣ?

ሁለቱም ተዘጋጅተው ይገኛሉ። የማይክሮሶፍቱ የዴስክቶፕ ፕሮግራም መሥሪያ ዊንዶውስ ፎርምስ ዝርዝር የሚያወጣ «ሰጀስት»፣ መስመሩ ላይ የሚሞላ «አፔንድ» እና ሁለቱን ያጣመረ «ሰጀስት አፔንድ» የሚሉ አማራጮች አሉት። ሌላው የፕሮግራም መሥሪያ ኪውት ደግሞ ኪውኮምፕሊተር በተባለው ክፍሉ ብቅ የሚል ዝርዝርንም፣ በመስመር ውስጥ መሙላትንም ይፈቅዳል። አንዱን ከሌላው መምረጥ የአንዲት መስመር ኮድ ጉዳይ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያስብበት ያልፋል።

ለአማርኛ ስም ምክራችን ዝርዝር ነው። በመዝገቡ ውስጥ «አበበች» የምትባል ታካሚ አለች እንበል። ዛሬ አበበ የሚባል አዲስ ሰው መጣ። መዝጋቢዋ «አበበ» ብላ ስትጽፍ ፕሮግራሙ «ች»ን ከኋላ ጨመረ፤ የጨመረውንም በሰማያዊ አቅልሞ አቆመው። እርሷ ስሙን ጨርሳለችና ኢንተር ተጫነች። አበበ አበበች ሆኖ ተመዘገበ። ከበደና ከበደች፣ ዘነበና ዘነበች፣ አየለና አየለች ሁሉ እንዲሁ ናቸው፤ የወንዱ ስም ሙሉ በሙሉ የሴቷ ስም መጀመሪያ ነው። በእንግሊዝኛ ስሞች ላይ የተሞከረ ፕሮግራም ይህ ወጥመድ በየሰዓቱ የሚረገጥ መሆኑን አያውቅም።

ሁለተኛው ምክንያት ከኪቦርዱ ይመጣል። የድምፅ አጻጻፍን በሚከተሉ የግዕዝ ኪቦርዶች «ሰ»ን ለማግኘት ሁለት ቁልፍ ይመታል፤ መጀመሪያ «ስ» ይታያል፣ አናባቢው ሲጨመር «ስ» ጠፍቶ «ሰ» ይተካል። አንዳንዶቹ ኪቦርዶች ይህን የሚያደርጉት ባክስፔስ የተመታ አስመስለው ወደ ፕሮግራሙ በመላክ ነው። አሁን ተጠቃሚው «ሰለሞን» ሊጽፍ ጀመረ። «ስ» እንደ ታየ ፕሮግራሙ ተሽቀዳድሞ «ስንታየሁ» ብሎ አሟላ፤ «ንታየሁ» የሚለው ክፍል ተመርጦ ቆሟል። አናባቢው ሲመታ ከኪቦርዱ የተላከው ባክስፔስ የሚያጠፋው «ስ»ን ሳይሆን የተመረጠውን «ንታየሁ»ን ነው። ከዚያ «ሰ» ይገባል። በሳጥኑ ውስጥ የሚቀረው «ስሰ» ነው። ተጠቃሚው ኪቦርዱ የተበላሸ ይመስለዋል፣ ያጠፋል፣ እንደገና ይጽፋል፣ እንደገና «ስሰ»። ፕሮግራሙን በላቲን ፊደል ብቻ የሞከረ ሰው ይህን ችግር መቼም አያየውም፤ ስለ እሱ የሚመጣውን ስሞታም «የኪቦርድ ችግር ነው» ብሎ ይመልሰዋል።

በመስመር ውስጥ መሙላት የግድ ከሆነ፣ ቢያንስ የመጨረሻው ፊደል ሳድስ ሆኖ ሳለ አያሟላ።

ኢንተርና ታብ ምን ይሥሩ?

በዚህ ጥያቄ ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለን። ተጠቃሚው በቀስት ቁልፍ ወርዶ ወይም በመዳፊት ነክቶ ጥቆማ ካልመረጠ በስተቀር፣ ኢንተር የጻፈውን እንደ ጻፈው መቀበል አለበት። ዝርዝሩ ሲወጣ የመጀመሪያው ጥቆማ አስቀድሞ ተመርጦ መቆም የለበትም። ይህን ያልጠበቀ ፕሮግራም ዝርዝር እያሳየም ቢሆን አበበን አበበች ከማድረግ አይድንም።

ታብም እንዲሁ ነው። በቅጽ ላይ የሚሠራ ሰው ታብን የሚያውቀው ወደሚቀጥለው ሳጥን መሄጃ አድርጎ ነው፤ ጣቱ አእምሮውን ሳይጠይቅ ይመታዋል። ታብ ጥቆማ የሚቀበል ከሆነ በየሳጥኑ ያልተፈለገ ስም እየተሞላ ያልፋል። እዚህ ላይ የሶፍትዌር ሠሪዎች ራሳቸው የሚያመጡት አባዜ አለ፦ ኮድ በሚጽፉበት ፕሮግራም ውስጥ ታብና ኢንተር ጥቆማ ስለሚቀበሉ ለሌላውም ሰው የተፈጥሮ ሕግ ይመስላቸዋል። ኮድ ላይ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ስም አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ነው፤ ካርድ ክፍል ውስጥ በዝርዝሩ የሌለ ስም አዲስ የመጣ ሰው ነው።

ኢስኬፕ በመጀመሪያው ምት ዝርዝሩን ብቻ ይዝጋ፤ የተጻፈው ፊደል ሳይነካ ይቆይ። ዝርዝሩ በሌለበት ሲመታ ነው መስኮቱን የሚዘጋው። ሁለቱን በአንድ ምት የሚያደርግ ፕሮግራም ግማሽ ገጽ የተሞላ ቅጽ ይዞ ይጠፋል። ወደ ላይ የሚያመለክተው ቀስት ከመጀመሪያው ጥቆማ በላይ ሲኬድበት ወደ ተጠቃሚው የራሱ ጽሑፍ ይመልስ። ጥቆማ ከተቀበሉ በኋላ ኮንትሮልና ዜድ ሲመታ ደግሞ ቀድሞ የተጻፈው ፊደል ይመለስ እንጂ ሳጥኑ ባዶ አይሁን።

ብዙዎች የሚረሱት የመዳፊት ጉዳይም አለ። ሠራተኛው እየጻፈ ሳለ የመዳፊቱ ጠቋሚ የሆነ ቦታ ቆሟል። ዝርዝሩ ብቅ ሲል በአጋጣሚ ከጠቋሚው ሥር ይወድቅና ማንም ሳይነካው ሦስተኛው ጥቆማ ተመርጦ ይታያል፤ ቀጥሎ የሚመታው ኢንተር እሱን ይቀበላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ዝርዝሩ ከወጣ በኋላ መዳፊቱ በእርግጥ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ቦታው ከቁጥር አይግባ።

ከስንተኛው ፊደል ጀምሮ ይጠቁም?

በእንግሊዝኛ የተጻፉ መመሪያዎችን ተከትሎ «ሦስት» ማለት የተለመደ ነው። ለግዕዝ ፊደል ይህ አይሠራም። «ከበደ» በላቲን ስድስት ፊደል ሲሆን በግዕዝ ሦስት ነው፤ ከሦስተኛው ፊደል የሚጀምር ጥቆማ ስሙ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ይደርሳል። ለማ፣ ቶላና ሳራን የመሰሉ ስሞች ደግሞ ጭራሽ ሦስት አይሞሉም። ለአማርኛ ስም ከሁለተኛው ፊደል መጀመር ተገቢ ነው።

የመድኃኒት ስም ግን የተለየ ነው። በአገራችን በአብዛኛው የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ መቸኮልም አደጋ አለው። ሃይድራላዚን የደም ግፊት መድኃኒት ነው፤ ሃይድሮክሲዚን ለማሳከክና ለአለርጂ የሚሰጥ ነው። በላቲን ሲጻፉ የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት አምስተኛው ላይ ነው። በመድኃኒት አጠቃቀም ደኅንነት ላይ የሚሠራው አይኤስኤምፒ የተባለው የአሜሪካ ተቋም በኤሌክትሮኒክስ የመድኃኒት ማደያ ቁም ሳጥኖች ላይ ስም ሲፈለግ ቢያንስ 5 ፊደል እንዲጻፍ የሚመክረው እንዲህ ባለው ምክንያት ነው። አምስተኛው ፊደል ሁሉንም አይለይም፤ ሃይድሮኮርቲዞንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድም በዚያው ይጀምራሉና። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጥቆማ አጠገብ ጥንካሬውና ዓይነቱ፣ ክኒን ይሁን መርፌ፣ ይታይ።

ምን ያህል መፍጠን አለበት?

የሶፍትዌር አጠቃቀም ምቹነት ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ካሰፈራቸው የታወቁ ገደቦች የመጀመሪያው 0.1 ሰከንድ ነው፤ ከዚያ በታች የሆነ ምላሽ ለሰው «ወዲያውኑ» ይመስለዋል። ለጥቆማ ዝርዝር ልከኛው መለኪያ ይህ ነው። ሃምሳ ሺህ ስም ለዛሬ ኮምፒውተር ማስታወሻ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ፕሮግራሙ ሲከፈት ጭኖ መያዝና በየፊደሉ ሰርቨር፣ ማለትም መዝገቡ ያለበትን ዋና ኮምፒውተር፣ ከመጠየቅ መገላገል ይቻላል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቢሮ ይህ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ከሰርቨር ማምጣት ግድ ሲሆን ሁለት ነገር ይጠበቅ። አንደኛ፣ ከመጨረሻው ምት በኋላ ጥቂት መታገስ፤ አለዚያ በግዕዝ ኪቦርድ «ሰለሞን» ሲጻፍ «ስ»፣ «ሰ»፣ «ሰል»፣ «ሰለ» እያለ ለማንም የማይጠቅም ጥያቄ ይጎርፋል፣ ዝርዝሩም ይብለጨለጫል። ሁለተኛ፣ የዘገየ መልስ መጣል አለበት። የ«ሰ» መልስ ከ«ሰለ» መልስ በኋላ ሊደርስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ተጠቃሚው ለመምረጥ ወደ ታች ሲወርድ ዝርዝሩ ከጣቱ ሥር ይለዋወጣል።

ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ ጸ፣ ፀ፤ አ፣ ዐ... ምን እናድርጋቸው?

ሲፈለግ አንድ ይሁኑ፣ ሲታይ የየራሳቸው ይሁኑ።

«ፀሐይ» የሚለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል ፀ ወይም ጸ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል። ሁሉም አንድ ዓይነት የሚነበቡ 12 አጻጻፎች ናቸው። ታካሚዋ ባለፈው ዓመት በአንዱ ተመዝግባ ዘንድሮ በሌላው ብትፈለግ አትገኝም፤ አዲስ ካርድ ይወጣላታል፣ የቀድሞ ምርመራዋም በሌላ ካርድ ላይ ተቀብሮ ይቀራል።

ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ዩኒኮድ፣ ያለው መደበኛ ማመሳሰያ እዚህ አይረዳም፤ ለእሱ ሰ እና ሠ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፣ ትክክልም ነው። የራስዎን ሠንጠረዥ መሥራት ያስፈልጋል። በመዝገቡ ውስጥ ከስሙ ጎን አንድ ስውር ዓምድ ይጨመር፤ እዚያ ስሙ ወደ አንድ ወጥ ፊደል ተቀይሮ ይቀመጥ። ተጠቃሚው የሚጽፈውም ከመፈለጉ በፊት በዚያው ሠንጠረዥ ይለፍ። ጐንደርና ጎንደር፣ ቊጥርና ቁጥርም ከዚህ ሠንጠረዥ አይቅሩ።

በስክሪኑ ላይ የሚታየውና በመዝገብ የሚቀመጠው ስም ግን ሰውየው በመታወቂያው ላይ እንዳለው ይሁን። ኃይሉን «ሀይሉ» ብሎ «ማረም» የፕሮግራሙ ሥራ አይደለም። በትክክል እንደ ተጻፈው የሚመሳሰለው ከላይ ይሁን፣ በድምፅ የሚመሳሰሉት ከሥሩ ይከተሉ። ለማስታወቂያ ሲባል ብቻ «በራሱ ያርማል» የሚል ባሕርይ ከመጨመርዎ በፊት የሰው ጂን ስም አውጪ ኮሚቴ የገጠመውን ያስቡ፦ ኤክሴል ማርች 1 እና ሴፕት 1 የሚመስሉ የጂን ምልክቶችን ወደ ቀን እየቀየረ ስላስቸገረ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ በሆነው መመሪያ ስማቸውን የቀየሩት ጂኖቹ ናቸው፤ ሶፍትዌሩ አይደለም።

«ስ» ሲጻፍ በ«ሰ» እና በ«ሳ» የሚጀምሩትን ለምን አያመጣም?

ለኮምፒውተሩ «ስ» ራሱን የቻለ ፊደል ስለሆነ ነው። ለሚጽፈው ሰው ግን ገና ያላለቀ ፊደል ነው፤ አናባቢውን ሊጨምር ጣቱን አንሥቷል። ስለዚህ የመጨረሻው ፊደል ሳድስ ሲሆን በዚያው ቤት ካሉት ፊደላት ሁሉ ጋር ይመሳሰል።

ይህን ለማድረግ ዩኒኮድ ራሱ ያግዛል። በዋናው የግዕዝ ክልል ውስጥ እያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ይዟል። በሄክሳዴሲማል፣ ማለትም 16ን መሠረት ባደረገ አቆጣጠር፣ ሰ 1230 ላይ፣ ስ 1235 ላይ፣ የሚቀጥለው ቤት መነሻ ሸ 1238 ላይ ነው። የፊደሉን ቁጥር ለ8 አካፍሎ ቀሪውን መተው የቤቱን ማንነት ይሰጣል። ማወዳደሩ አንዲት መስመር ኮድ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሁለት ላይ ነው። ጐን የመሳሰሉት ፊደላት ከገ ተለይተው የራሳቸው ቤት ስላላቸው በማካፈል አይገናኙም፤ በሠንጠረዡ ነው የሚገናኙት። ሳድስ የእውነትም ሳድስ ሊሆን ይችላል፤ «ስን» ያለ ሰው ስንታየሁን እንጂ ሰናይትን ላይፈልግ ይችላል። በትክክል የሚገጥመው ይቅደም፣ በቤት የሚገጥመው ይከተል።

ከስሙ መሐል መፈለግ አለበት? ገ/ማርያም እና ወ/ማርያምስ?

በየቃሉ መጀመሪያ ይፈለግ፤ በቃል መሐል ግን አይፈለግ። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ተብሎ የሚደረደር ስለሆነ ተጠቃሚው በአባት ስም ሊፈልግ መብት አለው። «ለማ» ብሎ ሲጽፍ ግን ፕሮግራሙ በመሐል የሚፈልግ ከሆነ ዓለማየሁ የተባለ ሁሉ ይግተለተላል፤ ሦስት ገጽ ዓለማየሁ ታልፎ ነው ለማ የሚገኘው።

ክፍት ቦታውም አንድ ፈተና ነው። ገብረ ማርያም፣ ገብረማርያም፣ ገ/ማርያም፣ አልፎ አልፎም በሁለት ነጥብ ገብረ፡ማርያም ተብሎ ይጻፋል። በስውሩ ዓምድ ውስጥ ክፍት ቦታና ሁለት ነጥብ ይውጡ። አሕጽሮቱን መዘርዘር ግን ሁልጊዜ አንድ መልስ የለውም። ገ/ ገብረ ነው፤ ኃ/ ኃይለ ነው። ወ/ማርያም ግን ወልደ ማርያምም ወለተ ማርያምም ሊሆን ይችላል፤ ተ/ሚካኤል ተክለም ተስፋም ሊሆን ይችላል። ወ/ሮ እና ወ/ሪት ደግሞ ስም አይደሉም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሁሉንም አማራጭ ለፍለጋ ይጠቀም እንጂ ከመካከላቸው መርጦ በተጠቃሚው ስም አይጻፍ።

በነጻ ጽሑፍ፣ ለምሳሌ ደብዳቤ በሚጻፍበት ፕሮግራም፣ «በ»፣ «ከ»፣ «ለ»፣ «የ» ከቃሉ ፊት ይመጣሉ። «በባሕ» የጻፈ ሰው «በባሕር ዳር» እንዲጠቆምለት ቅድመ ቅጥያውን ነጥሎ መፈለግና ሲያሟሉ መልሶ መቀጠል ያስፈልጋል። ግን መጀመሪያ ሳይነጠል ይሞከር። በቀለ፣ ከበደ፣ ለማና የሺ ፊታቸው ቢቆረጥ ምን እንደሚቀር መገመት አያስቸግርም።

በዝርዝሩ ማን ይቅደም? ስንትስ ይታይ?

ስንት ለሚለው፦ ከሰባት እስከ አሥር ይበቃል፤ ኪውኮምፕሊተር ሳይነካ የሚያሳየው 7 ነው። ከዚያ በላይ ሰው አያነብም፣ አንድ ፊደል ይጨምራል።

ማን ይቅደም የሚለው ይከብዳል። ብዙ ጊዜ የተመረጠው ከላይ ይሁን ማለት ለወረዳና ለአቅራቢ ስም ጥሩ ነው። ለሰው ስም ግን ከቅደም ተከተሉ ይልቅ መለያው ይበልጣል። አበበ ከበደ የሚባል ሰው በአንድ ጤና ጣቢያ ብቻ ስንት እንዳለ ካርድ ክፍሉን መጠየቅ ነው። እያንዳንዱ ጥቆማ የአያት ስም፣ የልደት ዘመንና የካርድ ቁጥር ከጎኑ ይኑረው። የልደት ዘመኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን፤ ታካሚው የሚናገረው ያንን ነውና።

አንድ ጥቆማ ብቻ ቢመጣ እንኳ ፕሮግራሙ «ይኸው ነው» ብሎ አይሙላ። በመዝገብ ያለው አንድ አበበ ከበደ ስለሆነ ዛሬ መስኮቱ ላይ የቆመው እሱ ነው ማለት አይደለም። የሁለት ሰው የሕክምና ታሪክ በአንድ ካርድ የሚቀላቀለው በዚህ ዓይነት «ቅልጥፍና» ነው። በዝርዝሩ ግርጌ «አዲስ መዝግብ» የሚል መስመር ሁልጊዜ ይኑር።

ተጠቃሚው የጻፈውን እየተማረ ቢጠቁምስ?

ይችላል፤ ግን የተማረውን መርሳትም ይቻል። አንድ ቀን በስህተት «ፓራሲታሞለ» ተብሎ የተጻፈ ቃል ለዓመታት ከላይ እየመጣ የሚያሾፍባቸው ቢሮዎች አሉ፤ ማጥፊያ የለውምና። ጥቆማው ላይ ቆሞ ዲሊት ሲመታ ከትዝታው እንዲወጣ ማድረግ ትንሽ ሥራ ነው። ኮምፒውተሩን ብዙ ሰው የሚጋራው ከሆነ ትምህርቱ በየተጠቃሚው መለያ ይቀመጥ። ስክሪኑ ወደ ተገልጋዩ የዞረ ከሆነም ሁለት ፊደል ሲጻፍ የሌሎች ታካሚዎች ስም ዝርዝር እንደሚታይ አይዘንጋ።

የጥቆማ ስህተት ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ለማየት የአውስትራሊያው ጉዳይ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 ብሪዝበን ላይ ከተካሄደው የቡድን 20 ጉባኤ በፊት የአገሪቱ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ባልደረባ የ31 መሪዎችን የፓስፖርት ቁጥርና የልደት ቀን የያዘ ኢሜይል ላከ። የኢሜይል ፕሮግራሙ አውትሉክ በተቀባዩ ሳጥን ውስጥ የሞላው ስም የሌላ ሰው ነበር፤ ኢሜይሉ የእስያ የእግር ኳስ ዋንጫን ለሚያዘጋጀው ኮሚቴ አባል ደረሰ። ኦባማ፣ ፑቲንና ሜርክል ከመሪዎቹ መካከል ነበሩ። ባልደረባው አላስተዋለም ተባለ። እኛ ደግሞ እንዲህ እንላለን፦ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ የሆነ አድራሻ በሌላ ቀለም ወይም ከነሙሉ አድራሻው ቢታይ ኖሮ የማስተዋል ዕድሉ ይጨምር ነበር።

ማየት ለተሳነው ተጠቃሚስ?

ዝርዝሩ በገዛ እጅ የተሳለ መስኮት ከሆነ እንደ ኤንቪዲኤ ያለ የስክሪን አንባቢ መኖሩን አያውቅም። በተቻለ መጠን የፕሮግራም መሥሪያው የራሱ የዝርዝር ክፍል ይሠራበት፤ ካልሆነ ሳጥኑና ዝርዝሩ እንደሚገናኙ ለዊንዶውስ የተደራሽነት ሥርዓት ይነገረው። አንባቢው ስንት ጥቆማ እንዳለ አንድ ጊዜ ይናገር፣ በቀስት ሲወረድም የተደረሰበትን ያንብብ። በየፊደሉ ሙሉውን ዝርዝር የሚያነብ ከሆነ ሰውየው የራሱን ጽሑፍ መስማት አይችልም። የመለያው መረጃም፣ ማለትም የልደት ዘመኑና የካርድ ቁጥሩ፣ አብሮ ይነበብ፤ በቀለም ብቻ የተለየ ነገር ለእሱ የለም።

የግዕዝ ፊደል በዝርዝሩ ውስጥ ለምን ይቆረጣል?

የመስመሩ ቁመት በላቲን ፊደል ተለክቶ በቁጥር ስለታሰረ ነው። ቁመቱ ከፎንቱ ይወሰድ።

ኪቦርዱን ወደ አማርኛ መቀየር የረሳ ሰው በላቲን ቢጽፍስ?

በየቀኑ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው። ምንም ጥቆማ ካልተገኘና የተጻፈው በላቲን ከሆነ፣ ፕሮግራሙ የግዕዝ ኪቦርዱን ስልት ተከትሎ ወደ ፊደል ለውጦ ይሞክር፤ የተገኘውንም በጥቆማነት ያቅርብ። የተጻፈውን ራሱን ግን አይለውጥ፤ የውጭ አገር ዜጋ እየተመዘገበ ሊሆን ይችላል።

ቀጣዩን ቃል የሚተነብይ፣ በግራጫ የሚታይ ጥቆማ ብንጨምርስ?

ደብዳቤ በሚጻፍበት ቦታ ለሚፈልገው ሰው በቀላሉ የሚጠፋ ሆኖ ይግባ። ስም፣ መጠንና ትእዛዝ በሚጻፍበት ቅጽ ላይ ግን አይግባ። መዝገቡ የያዘው እውነተኛ ስም ነው፤ ትንበያ ግን ሊኖር የሚመስለውን ስም ያመጣል።

አሮጌው መረጃችን በድሮ ፎንት የተጻፈ ነው። ጥቆማው ምንም አያገኝም፤ ለምን?

ግዕዝ በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ ቢሮዎችም ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ የአማርኛ ፊደል የሚጻፈው የላቲን ፊደላትን ቦታ በወሰዱ ፎንቶች ነበር። እንዲህ ያለው ጽሑፍ በዚያው ፎንት ሲታይ አማርኛ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተዘበራረቀ ላቲን ነው። ዛሬ በዩኒኮድ ኪቦርድ «ከበደ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ያንን መዝገብ በምንም መንገድ አይነካውም።

ጥቆማውን ከመሥራት በፊት መረጃው መለወጥ አለበት። ለዋጩ ለየትኛው ፎንት እንደተሠራ ይረጋገጥ፤ በየፎንቱ የፊደሉ ቦታ ይለያያል፣ አንዳንዱ ፊደልም ከሁለት ምልክት የተገጣጠመ ነው። ከተለወጠ በኋላ ስሞቹ በፊደል ተራ ተደርድረው ይታዩ፤ የመጀመሪያ ፊደላቸው ወደ ግዕዝ ያልተለወጠው ከሌሎቹ ተለይተው ከዝርዝሩ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ ይሰበሰባሉ። አሮጌው ዓምድ ቢያንስ ካርድ ክፍሉ ከወረቀት ካርዱ ጋር አመሳክሮ እስኪጨርስ ድረስ አይሰረዝ።